የባይፖላር አዳዲስ መድኃኒቶች፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ፋርማሲስት ነኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ መስኮት ላይ ከቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። የባይፖላር መድኃኒት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ማዘዣውንም አጥፎ ነው የሚያቀብለኝ። አሁን አሁን ግን ከማዘዣው ጋር ስልኩንም ያሳየኛል። "ይሄ አዲስ የወጣው እናንተ ጋር አለ?" ይላል። መልሴ ወረፋ እያስረዘመ ስላስቸገረ እዚህ ጻፍኩት።

መድኃኒት የማዝዘው እኔ አይደለሁም፤ መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው የፈቃድ ዓመቶች የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ የሰጠባቸው ናቸው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው።

ባይፖላር ጠባይ መቀያየር ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ጠዋት ተኮሳትሮ ማታ መሳቅ የሁላችንም ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይወርዳል። ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ ምግብ አይጥመውም፣ መኖር ያስጠላዋል። ይህ ድባቴ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከፍ ይላል። ሁለት ሰዓት ተኝቶ አይደክመውም፣ ወሬው አያልቅም፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን ይበትናል። ይህ ማኒያ ነው።

አንደኛው ዓይነት ባይፖላር ሙሉ ማኒያ የሚታይበት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ላይ ከፍታው መለስ ያለ ነው፤ ድባቴው ግን ይከብዳል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ወደ ታች ያስፈልገናል።

አዲስ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ብዙዎቹ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሀሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉት የቆዩ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች አያቶች ቢሆኑ፣ እነዚህ የልጅ ልጆች መሆናቸው ነው። ሉራሲዶን ለባይፖላር ድባቴ በ2013 ተፈቀደ። ካሪፕራዚን በ2015 ለማኒያ፣ በ2019 ደግሞ ለድባቴ ፈቃድ አገኘ። ሉማቴፔሮን በ2021 መጨረሻ ለባይፖላር ተፈቀደ። ለአንደኛውም ለሁለተኛውም ዓይነት ድባቴ መፈቀዱ ነው ብዙ ያስወራለት፤ ለሁለተኛው ዓይነት የተፈቀደ መድኃኒት ጥቂት ነውና። አይሎፔሪዶን ቀድሞ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም ይሰጥ ነበር፤ በ2024 ለማኒያም ተፈቀደ።

ለየት ያለው ዴክስሜዴቶሚዲን ነው። ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለማደንዘዣ ሲጠቀሙበት የኖሩት መድኃኒት ነው። በ2022 ግን ምላስ ሥር የሚሟሟ ስስ ልጥፍ ሆኖ መጣ። በጣም የተረበሸ ሰው በጉልበት ተይዞ መርፌ ከሚወጋ፣ ፈቃደኛ ከሆነ በራሱ እጅ አፉ ውስጥ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ባለሙያ እያየው። ሰው በገመድ ታስሮ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ ያየ ሁሉ የዚህ ነገር ጥቅም ይገባዋል።

"አዲስ" የሚለው ቃል ራሱ እንደየአገሩ መሆኑንም አትርሱ። ኩዌቲያፒን ለባይፖላር ድባቴ የተፈቀደው በ2006 ነው። ውጭ አገር ያረጀና የረከሰ መድኃኒት ነው። እኔ መስኮት ላይ ግን እስካሁን "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" የሚለኝ አለ። ስለዚህ የቅርብ ጊዜውን ስም ከመያዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን "ኩዌቲያፒን ሞክሬ አውቃለሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ሉማቴፔሮን ልትልክልኝ ነው። ልጀምረው?

ሐኪምህን ሳታማክር አትጀምር። እህትህ በፍቅር ነው የምታደርገው፤ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ያለ ኢንሹራንስ የወሩ ዋጋ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል።

መጀመሪያ የማስበው ስለሚያልቅበት ቀን ነው። መድኃኒቱ በሻንጣ ነው የሚመጣው። የሚያመጣው ሰው ጉዞውን ያራዝማል፣ ዕቃው ኤርፖርት ይያዛል፣ እህትህ ሥራ ትቀይርና ኢንሹራንሷ ይቋረጣል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ሆኖበታል። በላይ በላዩ ሦስት ወር ተላከለት፤ አራተኛው ወር ላይ የለም። የድሮውን መድኃኒት ደግሞ አቁሞታል። ቤተሰቡ ዳግመኛ ሲያመጣው ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየም ነበር። በየወሩ የምታገኘው ደህና መድኃኒት አንዳንዴ ከምታገኘው ግሩም መድኃኒት ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሌላ መድኃኒት ጋር ያለው ጠብ ነው። ለባይፖላርም የሚሰጠው ካርባማዜፒን ሉማቴፔሮንን ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያወጣዋል። የቲቢው ሪፋምፒሲንም እንዲሁ ያደርጋል። በእኛ አገር ቲቢ ስንቱ ቤት እንደገባ ታውቃላችሁ። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ በተቃራኒው በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርገዋል።

ከዚያ የተሞከረበት መንገድ አለ። ሉማቴፔሮን ለባይፖላር ፈቃድ ያገኘው ስድስት ሳምንት በቆዩ ጥናቶች ነው። ያወዳደሩትም ምንም ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን ጋር ነው። ከማስመሰያው በልጧል፤ ክብደት አለመጨመሩም ጥሩ ነው። ከቆየው የባይፖላር መድኃኒት ከሊቲየም ይበልጣል ያለ ሰው ካለ ግን ከራሱ ነው ያመጣው።

ሐኪሙ አይቶ ከተስማማ፣ በዋናው ማሸጊያው ይምጣ። በፌስታል ተጠቅልሎ የሚመጣ ፍሬ እኔም ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ሉራሲዶን ከምግብ ጋር ይዋጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቢያንስ 350 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። አንድ ደህና ምሳ ማለት ነው፤ ሻይ በብስኩት አይሆንም። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጾመኛ ከሆናችሁ ከማታው ማዕድ ጋር አድርጉት። ሐኪማችሁንም ስለ ጾማችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ እሱ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ሊቲየም ያረጀ መድኃኒት ነው። ለምን አሁንም እሱን ያዙልኛል?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ትንሽ ይቆጨኛል። ቁጭ ብዬ ላውራችሁ።

ጆን ኬድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነበር። በ1949 በማኒያ የታመሙ 10 ሰዎችን በሊቲየም አክሞ ውጤቱን አሳተመ። ነገሩን የጀመረው ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ነው፤ ሲወጋቸው ጸጥ አሉ። ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ራሱ እንደዋጠው ይነገራል። የመጀመሪያው ታካሚ ለዓመታት የታመመ ሰው ነበር፤ ተሻለውና ከሆስፒታል ወጣ፣ ሥራም ገባ። ኋላ መድኃኒቱን ተወው፣ ሕመሙ አገረሸበት፣ እንደገና ጀመረ፤ በ1950 በሊቲየም መመረዝ ሞተ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ መስጠት ገና አልተለመደም ነበር። የሊቲየም ታሪክ በሙሉ እዚህ ሰው ላይ አለ። ያድናል፤ ሳይለካ ከተሰጠ ደግሞ ይገድላል።

ዴንማርካዊው ሞገንስ ሾው በ1954 በደንብ በተሰናዳ ጥናት አጠናከረው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1970 ነው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አንዱ ምክንያት መመረዙ ያስፈራ ነበር። ሌላው ገንዘብ ነው። ሊቲየም ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፤ የስልካችሁ ባትሪ ስሙን ያገኘው ከእሱው ነው። ማዕድንን የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ኩባንያ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚያሠራለትም የለም። ስለ ሉማቴፔሮን በስልካችሁ ያያችሁት፣ ስለ ሊቲየም ያላያችሁት ለዚህ ነው።

ሥራውስ? ማኒያን ያበርዳል፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከላል። ሰው ራሱን የማጥፋቱን አደጋ በመቀነስ ደግሞ ከባይፖላር መድኃኒቶች ሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም። ከሚወስዱት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ግን ሕመሙ ጠፋ እስኪባል ድረስ ይሠራል። እናንተ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ውስጥ መሆናችሁን ሳታውቁ አዲስ ፍለጋ መሄድ ያሳዝናል።

ኩላሊት ይጨርሳል ይላሉ። ደሜንስ ስንት ጊዜ ልለካ?

ለረጅም ዓመት ሲወሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ የእንቅርት ዕጢንም ሥራ ያቀዘቅዛል። ሳይለካ ሲወሰድ ጉዳቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ።

የሊቲየሙ መጠን ደግሞ ለብቻው ይለካል። ከጀመራችሁ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሲረጋጋ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ። ብዙ ሐኪሞች የሚፈልጉት በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ክልል ነው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሆነው ነው። ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሰጣል፤ የጠዋቱን ክኒን የሚውጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ካጣችሁ ውጤቱ ይሳሳታል፤ ሐኪሙም በተሳሳተ ቁጥር መጠን ይቀይራል።

መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ላብራቶሪ እንደሚለካ ጠይቁ። ናሙናው አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመለስ ጠይቁ። እኔ እንደማየው እዚህ የሚያንሰን አዲስ ክኒን ሳይሆን ይህች ቁጥር ናት።

ሊቲየም እየወሰድኩ ልጹም? ጨው ልቀንስ?

ኩላሊታችን ሊቲየምን ከጨው ብዙም አይለይም። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ጨውን ይዞ ያስቀራል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀረዋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳታስቡት ከፍ ይላል። ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል፣ ተቅማጥና ትውከት፣ ወይም ለግፊት ብሎ ጨውን በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ መተው፣ ሁሉም ወደዚያው ይወስዳሉ።

ጨው አብዙ አላልኩም። እንደ ወትሮው ይሁን፣ አታለዋውጡት። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲደርስ ቀድማችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፤ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ደም ያስለካል፣ ለእናንተ ጾሙ አይሆንም ሊልም ይችላል። በእስልምናም በኦርቶዶክስም ለታመመ ሰው መላ አለ፤ የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቁ።

ሌላው የዘወትር ጣጣ ማስታገሻ ነው። ወገቤን አለና ዳይክሎፌናክ የሚገዛ ሰው ሊቲየም መውሰዱን አይነግረኝም። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ሊቲየሙን ከፍ ያደርጉታል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። የግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንደዚያው ናቸው። እባካችሁ የትኛውም ፋርማሲ ስትገቡ "ሊቲየም እወስዳለሁ" በሉ። ጮክ ማለት ካሳፈራችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩ።

እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ አፍ ከተሳሰረ፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከመጣ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከበረታ፣ የሚቀጥለውን ክኒን አትዋጡ። በባጃጅም ቢሆን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቀጠሮ አትጠብቁ።

እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ታዞላታል። ችግር አለው?

አለው፤ ዛሬውኑ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ያመጣል። ከ10 ሕፃናት ከሦስት እስከ አራት ያህሉ ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ልትወልድ ለምትችል ሴት እንዳይታዘዝ ነው የሚመክረው። "ገና አላገባችም" የሚለው መልስ አያረካኝም፤ እርግዝና ሰርግ አይጠብቅም።

በራሷ ግን እንዳታቋርጥ፤ ሐኪሙ በሌላ እየተካ ነው የሚያወርደው። ካርባማዜፒን ከተተካላት ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን እንደሚያዳክም ትወቅ። ላሞትሪጂን በእርግዝና ከእነዚህ የተሻለ ስም አለው፤ በተለይ ድባቴው ተመልሶ እንዳይመጣ ይከላከላል። ግን በጣም ቀስ ተብሎ ነው የሚጨመረው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት 25 ሚሊግራም፣ ሁለት ሳምንት 50 እያለ። ቸኩሎ የጨመረ ሰው ቆዳው ተልጦ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ሽፍታ ካየች ወዲያው ትመለስ።

ኦላንዛፒን አወፈረኝ። ለዚህ አዲስ ነገር የለም?

አለ። ኦላንዛፒንን ሳሚዶርፋን ከሚባል ጋር በአንድ ክኒን አድርገው በ2021 ፈቃድ አግኝቷል። ክብደት መጨመሩን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ አያስቀረውም። ትራማዶል ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ግን አይጠጋው፤ ሳሚዶርፋን የእነሱን የማስታገስ ሥራ ይከለክላል።

እሱ እስኪመጣ ሐኪማችሁ ሜትፎርሚን ሊያስብላችሁ ይችላል። የስኳር መድኃኒት ተሰጠኝ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

በየቀኑ መዋጥ ሰለቸኝ። መርፌ የለውም?

የወር መርፌ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ፍሉፌናዚንን የማያውቅ አስታማሚ የለም። አዲሱ አሪፒፕራዞል ነው። በወር አንዴ የሚወጋው ለባይፖላር በ2017፣ በሁለት ወር አንዴ የሚወጋው በ2023 ተፈቅዷል። በዓመት ስድስት መርፌ ማለት ነው። በዋናነት የሚከላከለው ማኒያውን ነው፤ ለድባቴው ብዙ አትጠብቁበት።

ኬታሚን በአንድ ቀን ያድናል ሲሉ ሰማሁ።

ኬታሚን ማደንዘዣ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ላይ ስንት ዓመት የሠራ። ከባድ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ቀለል ማድረጉ እውነት ነው። ግን ለጊዜው ነው፤ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ዘመዱ ኤስኬታሚን በአፍንጫ የሚነፋ ሆኖ በ2019 የተፈቀደው ለድባቴ ብቻ ነው፤ ለባይፖላር አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ፣ የደም ግፊት እየታየ የሚሰጥ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ልስጥህ የሚል ካጋጠመህ እግሬ አውጪኝ በል።

የሚያስቸግረኝ ድባቴው ነው። የድባቴ መድኃኒት ብቻ ብወስድስ?

አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ብቻውን ለባይፖላር ሰው መስጠት ጉድጓድ ውስጥ ያለን ሰው በወንጭፍ ማውጣት ነው። ይወጣል፤ የት እንደሚያርፍ ግን አይታወቅም። ወደ ማኒያ ሊወረውረው ይችላል። በተለይ አሚትሪፕቲሊን። ድባቴ ይዟችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ "ከዚህ በፊት እንቅልፍ አጥቼ በጣም ከፍ ያልኩበት ጊዜ ነበረ" ብላችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ያለዚያ አያውቅም።

የታመመው ሰው ልሙት ማለት ከጀመረ ብቻውን አትተዉት። ክኒኖቹን ሰብስባችሁ ቆልፉ፤ ሊቲየም በብዛት ከተዋጠ ገዳይ ነው። በዚያው ቀን ሪፈራል ወይም ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጫት እቅማለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር ችግር አለው?

አለው። ጫት እንቅልፍ ይሰርቃል፤ እንቅልፍ የተሰረቀ ባይፖላር ደግሞ ማኒያ በሩ ላይ ቆሟል። ምርቃናን ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው መጠጥ ሲጨመርበት ይብሳል። ደብቃችሁ ከምትቅሙ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት።

ጠበል ላይ ነው ያለችው። መድኃኒቱን ታቁም?

አታቁም። ጠበሉን ትጠመቅ፣ ክኒኗንም ትዋጥ። ብዙ ካህናት ይህን ይፈቅዳሉ፤ ከማቆም በፊት አንዴ ጠይቁ። የሊቲየም ተጠቃሚ ከሆነች ግን ብዙ ጠጥቶ የሚያስመልስ ነገር ያሳስበኛል፤ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ።

ወደፊትስ ምን ይመጣል?

በ2025 መጀመሪያ የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት ከ158,000 በላይ ባይፖላር ያለባቸውን ሰዎች መርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 298 የዘረመል ቦታዎች አግኝቷል። አንድ "የባይፖላር ዘር" የለም ማለት ነው። ብዙ ትንንሽ ነገር ተደማምሮ ነው። ከዚያ መድኃኒት እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል።

እኔን ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። በ2015 ተመራማሪዎች ከታካሚዎች የተወሰደ ሕዋስ ላብራቶሪ ውስጥ ወደ አእምሮ ሕዋስነት ቀየሩ። ሕዋሶቹ ከልክ በላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሊቲየም ሲጨመርባቸው የተረጋጉት ሊቲየም የሚሠራላቸው ሰዎች ሕዋሶች ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን "ለአንተ ሊቲየም ይሠራል፣ ለአንቺ አይሠራም" ብሎ ከመጀመሪያው መናገር ቢቻል፣ በሙከራ የሚባክነው ዓመት ይቀር ነበር።

ያልሠራም አለ። ሚኖሳይክሊንና ሴሌኮክሲብ የሚባሉ የቆዩ መድኃኒቶች ለባይፖላር ድባቴ ይረዳሉ ተብሎ ፓኪስታን ውስጥ በደንብ ተሞከሩ። በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ከማስመሰያው አልበለጡም። ኢንተርኔት ላይ ግን እስካሁን እንደ መፍትሔ ይዞራሉ።

ስድስት ወር ደህና ነኝ። ላቁም?

ደህና የሆንከው እየወሰድክ ስለሆነ ይሆናል። ሊቲየምን በድንገት ያቆመ ሰው ማኒያው ቶሎ ይመለስበታል፤ ራስን የመጉዳት አደጋውም ይጨምራል። ማቆም የግድ ከሆነ በሳምንታት፣ እንዲያውም በወራት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው። ለአስታማሚዎች አንድ ነገር፦ "አሁንም ትውጣለህ?" ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ከዚህች ጥያቄ በኋላ ነው።

የዘንድሮው ክኒን ቀለሙና ቅርጹ ተቀይሯል። ሌላ መድኃኒት ሰጣችሁኝ?

ላይሆን ይችላል፤ አምራቹ ተቀይሮ ይሆናል። ስሙንና ሚሊግራሙን ከድሮው ማሸጊያ ጋር አስተያዩ። አብዛኛው መድኃኒት ላይ ይህ ችግር የለውም። ሊቲየም ላይ ግን አለ፤ አንዱ አምራች ቶሎ የሚለቅ፣ ሌላው ቀስ እያለ የሚለቅ ክኒን ይሠራል። ስለዚህ አምራቹ ከተቀየረ ከሳምንት በኋላ ደሙን አስለኩ። ባዶውን ማሸጊያም አትጣሉት፤ በሚቀጥለው ወር ስትመጡ ይዛችሁልኝ ኑ።